ለወራት የሚያቃጥል የብልት ሕመም፦ ሴቶቹም፣ አጋሮቻቸውም፣ እኛ ባለሙያዎችም የምናበዛቸው ስህተቶች

የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን፣ ማለትም ፊኛን፣ ማሕፀንንና አንጀትን ከታች የሚደግፉትን ጡንቻዎች፣ የማክም ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ወደ እኔ የምትላከው ሴት ብዙውን ጊዜ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ብልቷ ዙሪያ ሲያቃጥላት፣ ሲወጋት ወይም ሲለበልባት የቆየች ናት። ከ3 ወር በላይ የዘለቀና ግልጽ መንስኤ ያልተገኘለት የውጫዊ ብልት ሕመም ቩልቮዲኒያ ይባላል። ሕመሙ ሊታከም ይችላል፤ የሚያሳዝነው ብዙዎቹ እኛ ጋ እስኪደርሱ ድረስ በተሳሳተ መንገድ ተጎድተው መምጣታቸው ነው።

ባቃጠለ ቁጥር የፈንገስ ክሬም መቀባት። አንዲት ታካሚ በፌስታል የያዘቻቸውን ቱቦዎች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈቻቸው። ሁሉም የፈንገስ መድኃኒቶች ነበሩ፤ አንዱም ናሙና ተወስዶ፣ ፈንገሱ በላብራቶሪ ታይቶ የተሰጠ አልነበረም። በአንዳንድ ክሬሞች ውስጥ ያሉት ማሟሚያና ማቆያ ኬሚካሎች የተቆጣውን ቆዳ ይብስ ያቃጥሉታል። የመጀመሪያው ክሬም ካልሠራ ሁለተኛው ከመታዘዙ በፊት ናሙናው በማይክሮስኮፕና በካልቸር (ተሕዋሱን በላብራቶሪ አሳድጎ በመለየት) ይታይ።

በዓይን አይቶ «ምንም የለሽም» ማለት። ይሄ የእኛ የባለሙያዎቹ ስህተት ነው። የዚህ ሕመም ቆዳ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ በእርጥብ ጥጥ የብልቱን መግቢያ ዙሪያውን ነጥብ በነጥብ በቀስታ እየነካን ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር እንድትሰጠው እንጠይቃታለን። መግቢያውን እንደ ሰዓት ገበታ ብናየው፣ ከታች 5 እና 7 የሚጻፉበት አካባቢ ላይ ሲደርሱ ከወንበሩ የሚነሡ አሉ። መስታወት ይዛ ቦታውን በዓይኗ ስታይ «በቃ፣ እዚህ ጋ ነው!» ብላ ያለቀሰች ሴት አውቃለሁ። ያስለቀሳት ሕመሙ አልነበረም፤ የሚያማት ቦታ መኖሩን ሌላ ሰው ስላመነላት ነው።

ጥርስ ነክሶ ግንኙነት ማድረግ። እባካችሁ፣ እባካችሁ ይሄ ይቅር። «ባሌ እንዳይከፋው»፣ «ዛሬ ይሻለኝ ይሆናል»፣ «ሲለመድ ይተወኛል» እያሉ ሕመሙን የሚታገሡ ሴቶችን በየጊዜው አያለሁ። አይለመድም። ጣት ወደ ዓይን ሲጠጋ ቆቡ ሳናዘው እንደሚከደን ሁሉ፣ የዳሌ ወለል ጡንቻም ሕመም ሲጠብቅ ራሱ ይኮማተራል። በተደጋገመ ቁጥር መላላት ያቅተውና የተኮማተረው ጡንቻ ራሱ ሌላ ሕመም ይሆናል። በፍርሃት ውስጥ ሰውነት ስለማይነቃቃ እርጥበቱ ይቀንሳል፣ ፍትጊያው ይጨምራል፣ ነርቮቹም ይበልጥ ይቆጣሉ። ሕመሙን በመታገሥ ያለፈ እያንዳንዱ ሌሊት ለሚቀጥለው ሕመም መንገድ ይጠርጋል። «ዘና በይ»፣ «ትንሽ ወይን ጠጪበት»፣ «ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚሉ መካሪዎችም ይህን ሸክም ያከብዱባታል። የሚያማት ሴት ዘና ማለት አልፈልግም አላለችም፤ ጡንቻው አልታዘዛትም። የሚያመው ዓይነት ግንኙነት ሕክምናው እስኪይዝ ይቁም። ማቆሙንም ሁለቱ ተነጋግረው ይወስኑት እንጂ እሷ ብቻዋን ሰበብ እየፈለገች አትሽሽ።

ጡንቻ የሚያጠብቅ እንቅስቃሴ በራስ ውሳኔ መጀመር። ጡንቻው ከልክ በላይ ተወጥሮ ሳለ ማጥበቅ ሕመሙን ያብሳል፤ ቀድሞ የሚያስፈልገው ማላላትን፣ በሆድ መተንፈስን መማር ነው።

በሳሙና፣ ሽቶ ባለው ፈሳሽና በእርጥብ መጥረጊያ መታጠብ ይቅር፤ ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

ለአጋሮች። መኮሳተርና ማኩረፍ እንደሚጎዳ ማንም ያውቃል፤ እሱን ልለፈው። ብዙ ደጋግ ሰዎች የሚወድቁበት ሌላው ስህተት ነው፦ እንዳላሳምማት ብሎ ፈጽሞ መራቅ። አንድ ባል ሚስቱን ማቀፍ እንኳ ትቶ ነበር፤ አሳቢነት መስሎት። እሷ ደግሞ የተጸየፋት መስሏት ነበር። ሁለቱም ይህን የተናገሩት እኔ ፊት ነው። ጥንዶች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም አጋር ሲቆጣ ብቻ ሳይሆን ከመጠን በላይ ሲሳሳና ሁሉን ነገር ሲያስቆም ሕመሙ ከፍ ብሎ እንደሚታይ፣ ችግሩን አምኖ የማያሳምመውን ቅርርብ ሲያበረታታ ግን ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። «ዛሬ ምን ይመችሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሷንም እንደ ፈተና ውጤት አትቁጠሩት። ሐኪም ጋ ስትሄድ አብራችሁ ሂዱ።

ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ መላክን እንደ ስድብ መቁጠር። ሕመሙ ልብ ወለድ ነው ማለት አይደለም። የቆየ ሕመም ነርቭንና አንጎልን ስለሚያስጨንቅ የንግግር ሕክምና ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው።

ሁሉንም ሕመም ቩልቮዲኒያ ማለትም አደጋ አለው። ቆዳው ከነጣ፣ ከሳሳ፣ ከቆሰለ፣ እብጠት ወይም ደም ካለ ሐኪም ሊያየው ግድ ነው። ላይከን ስክለሮሰስ የሚባለው የቆዳ ሕመም ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባትና የማያቋርጥ ክትትል ይፈልጋል። ካረጡ በኋላ ወይም ጡት በማጥባት ጊዜ የሚመጣው ማቃጠል ደግሞ ኤስትሮጅን ከሚባለው የሴት ሆርሞን ማነስ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው ሌላ ነው።

መድኃኒቱን በሳምንቱ መጣል። አሚትሪፕቲሊን ለድብርት የተሠራ ቢሆንም እዚህ የሚታዘዘው የነርቭ ሕመምን እንዲያበርድ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ10 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። እንቅልፍና የአፍ መድረቅ ቀድሞ ይመጣል፣ እፎይታው ካለ ግን የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። ካልተስማማሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ለሐኪምሽ ንገሪ እንጂ በአንድ ቀን አታቋርጪው፤ እሱንም እንደ አጀማመሩ ቀስ ብሎ መቀነስ ያስፈልጋል።