ብስክሌትን በሚኒባስና በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ስለ መጫን

የአዲስ አበባ መሐል ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኝ እንጦጦ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ከተራራው በብስክሌት መውረድ የሚወድ ሰው ሁሉ ዳገቱን አይወድም፤ ከአራት ኪሎ ወይም ከስድስት ኪሎ ብስክሌቱን በሚኒባስ ፖርቶመጋላ (በጣሪያው ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ ብረት) ላይ አስጭኖ እስከ ሽሮ ሜዳና ከዚያም በላይ መሄድን ይመርጣል። እንደ ሲያትል ባሉ የአሜሪካ ከተሞች የሕዝብ አውቶቡሶች ከፊታቸው ታጣፊ የብስክሌት መስቀያ ስላላቸው፣ ባለቤቱ ለሾፌሩ ምልክት ሰጥቶ መስቀያውን ያወርዳል፣ ጎማዎቹን በቦታቸው ያስገባል፣ ባለስፕሪንጉን ክንድ በፊተኛው ጎማ ላይ ስቦ ያሳርፍና ይሳፈራል። እኛ ዘንድ ግን ሥራው በጣሪያ ላይ፣ በገመድና በረዳቱ እጅ የሚከናወን በመሆኑ፣ በእኔ ግምት ብስክሌት የሚጎዳው ከጣሪያ ወድቆ ሳይሆን ተዛብቶ በመታሰሩ ነው።

ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ እንዲሁም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሰው ወደ ሥራ በሚገባበትና በሚወጣበት ጊዜ፣ ብስክሌት ይዞ ሰልፍ መግባት ለማንም አይበጅም፤ ረዳቱ ስለሚቸኩል ገመዱን እንደ ነገሩ ጠምጥሞ ይወርዳል። እሑድ ማለዳ የተሻለ ነው። ብዙ ሚኒባሶች ፖርቶመጋላ ስለሌላቸው አስቀድመው ይመልከቱ፤ ካለውም ብረቱን በእጅ ነቅነቅ አድርገው ብሎኖቹ አለመላላታቸውን ያረጋግጡ። ሒሳቡን፣ የሚወርዱበትን ቦታና ከላይ ሌላ ዕቃ እንደማይጫንበት ብስክሌቱ ከመሬት ሳይነሣ ይስማሙ። በበዓል ሰሞን ጣሪያውን በግ ሊጋራው ስለሚችል፣ በእነዚያ ቀናት ብስክሌትን ቤት መተው ይመረጣል።

የውኃ ኮዳ፣ መብራት፣ ፓምፕና ቦርሳ አስቀድመው ይፍቱና ይዘው ይሳፈሩ። ሰንሰለቱን ከኋላ ወደ ትልቁ ጥርስ ያሸጋግሩት፤ ይህን ሲያደርጉ ከኋላ ጎማ አጠገብ የተንጠለጠለው የማርሽ መለወጫ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ለግጭት አይጋለጥም። በቀኝ በኩል ያለው ይህ ክፍል ጥቂት ከተጣመመ ማርሹ አልታዘዝ ይላል፤ ስለዚህ ብስክሌቱ በግራ ጎኑ ተኝቶ ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ወደ ሰማይ ሊመለከት ይገባል። የዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ከሆነ ግን ክብ ብረቶቹ ያሉት በግራ በኩል በመሆኑ፣ የፖርቶመጋላው ብረት በቀጥታ እንዳይነካቸው የታጠፈ ጆንያ ወይም ስፖንጅ ከሥር ማንጠፍ ግድ ይላል። የግራው ፔዳል ለመተኛት ካስቸገረ ይፈታል፤ እርሱም ከሌላው ብሎን በተቃራኒ የሚላላው ወደ ቀኝ፣ ማለትም በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲዞር መሆኑን ማስታወስ ከብዙ ትግል ያድናል።

መሰላሉ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ኋላ በመሆኑ፣ ብስክሌት አቀባዩ ለሌሎች መኪኖች ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ቸርችል ጎዳናን በመሰለ ተዳፋት ላይ ከመጫን ይልቅ ደልዳላ ቦታ ይፈልጉ፤ ሾፌሩም የእጅ ፍሬን እንዲይዝ ይጠይቁት። ከመሬት የሚያቀብለው ሰው ብስክሌቱን በፍሬሙ ያንሣ፤ በኮርቻው ወይም በመሪው ብቻ ማንሣት ብስክሌቱ እንዲዞርና ሰው እንዲመታ ያደርጋል።

ገመዱን የራስዎ ያድርጉት። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ጥሩ ደጋፊ ቢሆንም፣ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ስለሚለጠጥ ብቻውን አይታመንም። ዋናው ገመድ በፍሬሙ ሦስት ማዕዘን ውስጥ አልፎ በሁለት ቦታ፣ አንዱ ከመሪው ሥር ሌላው ከኮርቻው ሥር፣ ከፖርቶመጋላው ብረት ጋር ይታሰር፤ ሁለቱ ጎማዎች እንዳይሽከረከሩ በቀጭን ገመድ ለየብቻ ይያዙ። በጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች፣ በፍሬን ገመድ ወይም በዘይት ቱቦ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ሲጠብቅ ያጣምማቸዋል፤ ስለዚህ ረዳቱን ገና ሲጀምር «ወንድሜ፣ በጎማው ሳይሆን በፍሬሙ እሰርልኝ» ማለት ተገቢ ነው። የካርቦን ፍሬም ያለው ሰው ገመድ ከማጥበቁ በፊት ጨርቅ ይደርብበት፤ ባይጭነው ግን የበለጠ እመክራለሁ። የላላው የገመድ ጫፍ በነፋስ እንዳይገረፍና በመስኮት እንዳይንጠለጠል መቋጠር አለበት። በመጨረሻ ፍሬሙን ይዘው ሲነቀንቁት መኪናው አብሮ ከተወዛወዘ እስሩ በቂ ነው።

ወደ ክፍለ ሀገር ለሚሄድ ሰው፣ ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ በሚነሡት ጣሪያ ጫኝ አውቶቡሶችም አሠራሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ጉዞው ረጅም በመሆኑ መኪናው ለምሳ ሲቆም ገመዱን ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል። ከወለላቸው በታች የዕቃ ክፍል ያላቸው አውቶቡሶች ላይ ደግሞ የፊቱን ጎማ መፍታት በቂ ሊሆን ይችላል። የዘይት ዲስክ ፍሬን ከሆነ ዲስኩን ከሁለት ወገን በሚጨብጡት የፍሬን ሸራዎች መካከል የታጠፈ ካርቶን ይግባ፤ ጎማው ሳይኖር የፍሬኑ እጀታ ከተጨመቀ ሸራዎቹ ተጣብቀው ጎማውን መልሶ ማስገባት ያስቸግራል።

ሲደርሱ ገና መኪናው ሳይቆም ለረዳቱ ብስክሌት እንዳለዎት ያስታውሱት፤ ከወረዱም በኋላ መኪናው እንዳይነሣ ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ሾፌሩ በመስታወት በሚያይዎት ቦታ፣ በእግረኛው መንገድ በኩል ይቁሙ። ገመዱ ሲፈታ አንድ ሰው ብስክሌቱን ይዞ ይቆይ። ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ከመውረድዎ በፊት የሁለቱን ጎማዎች መቆለፊያ፣ የመሪውን ቀጥ ማለትና የሁለቱንም ፍሬኖች አያያዝ እየገፉ ይሞክሩ፤ ፍሬኑ ጎማውን ወይም ዲስኩን እየፈጨ ከሆነ እስኪስተካከል ድረስ በእግር ይውረዱ።