ጠቃሚ ምክር፦ ሲስቤንች ኮምፓይል አልሆን ሲል

አምስት ኪሎም ሆነ አራት ኪሎ ለመመረቂያ ሥራችሁ የዳታቤዝ ፍጥነት የምትለኩ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። ሲስቤንችን (የዳታቤዝ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራሙን) ከሶርስ ኮዱ ስትገነቡ ስክሪኑ በስህተት መልእክት ቢሞላ የመጨረሻውን መስመር አትመኑት። ወደ ላይ ውጡና መጀመሪያ የወጣውን ስህተት ፈልጉ፤ ከሱ በታች ያለው አብዛኛውን ጊዜ የሱ መዘዝ ነው። ሜክን (ኮዱን የሚገነባውን ትእዛዝ) «ጄ» በሚለው አማራጭ በብዙ ኮር ካስኬዳችሁት መልእክቶቹ ስለሚደበላለቁ ያለ «ጄ» ደግማችሁ አስኪዱት።

የማይኤስኪውኤል ሄደር ፋይል አልተገኘም ካለ ኮዱ አልተበላሸም። ሰርቨሩ ኮምፒውተራችሁ ላይ መኖሩ አይበቃም፤ ኮምፓይለሩ የሚፈልጋቸው ሄደሮች ስሙ በ«ዴቭ» በሚያልቅ ሌላ ፓኬጅ ውስጥ ናቸው። ኡቡንቱ ላይ የማይኤስኪውኤል ክላየንቱን፣ የኦፕንኤስኤስኤልንና የሊብኤአይኦን ዴቭ ፓኬጆች ጫኑ። አውቶጄን (ኮንፊገርን የሚያዘጋጀው ስክሪፕት) ገና ሲነሳ ከቆመ ግን አውቶሜክና ሊብቱል መኖራቸውን እዩ።

ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ብቻ ለምትለኩ፦ ሲስቤንች ካልነገራችሁት በስተቀር ማይኤስኪውኤልን ይፈልጋል። ለኮንፊገር (ከሜክ በፊት ለሚሮጠው ስክሪፕት) «ዊዝአውት ማይኤስኪውኤል» እና «ዊዝ ፒጂኤስኪውኤል» የሚሉትን አማራጮች ስጡት፤ የሊብፒኪው (የፖስትግሬስ ክላየንት ላይብረሪ) ዴቭ ፓኬጅም ይኑራችሁ። ይህን ባለማወቅ የማይጠቀሙበትን ዳታቤዝ ሲጭኑ መዋል ያሳዝናል።

ፓኬጅ በጨመራችሁ ቁጥር ኮንፊገርን እንደገና አስኪዱ፤ ሜክ ብቻውን አዲሱን ነገር አያየውም። ኮንፊገር ራሱ እምቢ ካለ ምክንያቱ «ኮንፊግ ነጥብ ሎግ» ፋይል ውስጥ ተጽፏል። የሞባይል ዳታ ለሚቆጥብ ደግሞ፣ የተለየ ቨርዥን ካላስፈለገው፣ ኡቡንቱ የተዘጋጀ የሲስቤንች ፓኬጅ አለው።