የጥንት የእንጨት ፉርጎ ሲጎዳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ማዕድን ወይም ድንጋይ ከሰል ሲያመላልስ የኖረ የእንጨት ፉርጎ ለማቆየት ከተነሳችሁ፣ ጣውላ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ ፈልጉ። መግቢያው ሳይዘጋ የተተካ ጣውላ ተመልሶ ይበሰብሳል።

ቀለሙ ደህና ነው፣ ጣውላው ግን ሲጫኑት ይሰረጉዳል

ውስጡ በስብሷል። እንጨት ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠበት ጫፉ በኩል ብዙ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ወስፌ ይዛችሁ የወለሉን ጣውላ ጫፎች፣ የሻሲውን ሞራሌ መጋጠሚያዎችና የብረት ማሰሪያዎቹን ሥር ወጋ ወጋ አድርጉ። ወስፌው ያለ ችግር የሚሰምጥበት ቦታ ተጎድቷል።

አበስባሹ ፈንገስ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አያድግም፤ እንግዲህ የመጀመሪያው መድኃኒት ጣሪያ ነው። በላስቲክ ግን አትጠቅልሉት፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። ነፋስ በሚገባበት መጠለያ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ በሙቀት የተጣደፈ እንጨት ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላ የበሰበሰውን ብቻ ቁረጡና ያንኑ ዓይነት እንጨት በሰያፍ አጋጥማችሁ ቀጥሉበት። በስቱኮ መድፈን ይቀላል፣ ነገር ግን ከጀርባው ውሃ ያቁራል። በአዲሱ ቁራጭ የማይታይ ጎን ላይ ዓመቱን ጻፉ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ የጥንቱን ከአዲሱ መለየት መቻል አለበት።

በብሎኑ ዙሪያ እንጨቱ ተሰንጥቋል፣ ጠቁሯል

ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እንጨቱን ከውስጥ ይገፋዋል። እንጨቱ ኦክ የሚባለው ጠንካራ ዛፍ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለው ታኒክ አሲድ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ያጠቁረዋል። በመዶሻ አትደብድቡት። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥታችሁ ጊዜ ስጡት፣ ከዚያ ዳዶውን በትዕግሥት ፍቱ። ብሎኑ የሚያገለግል ከሆነ አጽድታችሁ፣ ፀረ ዝገት ቀብታችሁ ወደ ቦታው መልሱት። የከሰል ብናኝ ካለም በደረቁ ጠርጋችሁ አውጡ፤ በውስጡ ያለው ድኝ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። በግፊት ውሃ ማጠብ ግን ብናኙን ወደ መጋጠሚያዎቹ ያስገባዋል።

ቀለሙ እየተላጠ ነው

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እርጥበት የማያስወጣ ዘመናዊ ቀለም መቀባቱ ነው። በተልባ ዘይት የተሠራ ቀለም በስሱ፣ በተደጋጋሚ ቢቀባ ይሻላል። ከመፋቃችሁ በፊት ግን የፉርጎውን ቁጥርና የጭነት ልክ ፎቶ አንሱ፣ በስስ ወረቀትም ገልብጡ። ፉርጎው ምን ይሠራ እንደነበር የሚናገሩት እነዚህ ጽሑፎች ናቸውና፣ እኔ ቢያንስ አንዱን ጎን ሳይነካ ባስቀረው እመርጣለሁ። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ በእሳትም አታቃጥሉት፤ አርጥባችሁ፣ ተስማሚ ጭንብል አድርጋችሁ ፋቁት።

ከቀዳዳዎች ሥር ዱቄት ይታያል

ዱቄቱ ነጣ ያለና አዲስ ከሆነ ነቀዙ በሕይወት አለ። ተፈትቶ የሚወጣ ትንሽ ክፍል በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለሁለት ሳምንት ቢቀዘቅዝ ነቀዙ ይሞታል። ሻሲው ከተወረረ የተባይ ባለሙያ ጥሩ።

ወለሉ መሐል ላይ ረግቧል

መጀመሪያ ጭነቱን አውርዱ፤ ከዚያ ከሞራሌዎቹ ሥር ድጋፍ አስገብታችሁ በጥቂት በጥቂቱ አንሡት። በአንድ ጊዜ ከተነሣ መጋጠሚያዎቹ ይላቀቃሉ።