የደብረ ብርሃንን ብርድ በትንሽ ወጪ ከክፍል ማስወጣት

የቀለምም የኮርኒስም ዋጋ እየናረ ስለሆነ፣ ያላችሁን ገንዘብ ከቀለም በፊት ጣሪያው ላይ አውሉት። ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ በቆርቆሮው ያመልጣል። ለ4 በ4 ሜትር ክፍል ኮርኒስ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ችፑድ 6 ይበቃል። ከቆርቆሮው ጋር ግን አታጣብቁት፤ ሌሊት ቆርቆሮው ስር የሚቋጠረው ጤዛ ያበሰብሰዋል።

የጭቃ ግድግዳ ከተሰነጠቀ፣ ጭድ የገባበትን ጭቃ ቢያንስ 3 ቀን እየረገጣችሁ አቡኩት። ከመምረጋችሁ በፊት ስንጥቁን ውሃ አርከፍክፉበት፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ይመጠውና ምርጊቱ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ጀሶ በደቂቃዎች ስለሚጠነክር በትንሽ በትንሹ በጥብጡ። ቀለሙ ለበጋ ይቆይ፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ ይላጣል።

በሩ ላይ የመንዝ ባና ስቀሉ። ቀዳዳው ሁሉ ከተደፈነ በኋላ ግን ከሰል ፈጽሞ አታስገቡ፤ ሽታ የሌለው ጋዙ በእንቅልፍ ይገድላል።