በጉዞ ላይ የሕፃናት ጋሪ ችግር እንዴት እንደተፈታልን

ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሁለት ልጆች ጋሪ ተሸክሞ ቦሌ መድረስ፣ ዱባይ ላይ ደግሞ በየታክሲው መጫን የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ እዚያው ተከራየን።

የገበያ ማዕከሎች የሚያከራዩት ጋሪ ከሕንፃው እንዲወጣ አይፈቀድም። ሆቴል ድረስ የሚያመጣ አከራይ ፈልገን ከጉዞው በፊት በመልእክት ተነጋገርን። ነገሩን የፈቱት ጥያቄዎቻችን ናቸው። ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል ወይ? አንገቱ ያልጠና ሕፃን ቀጥ ባለ ወንበር መቀመጥ የለበትም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ማሰሪያው ትከሻን፣ ወገብንና በእግሮች መካከል ይይዛል? ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ጋሪ በአሳንሰሩ በር ይገባል? የጋሪውን ስፋት በሴንቲ ሜትር ተቀብለን የበሩን ስፋት ሆቴሉን ጠየቅን።

ስንረከብ ፍሬኑን ሞከርን፣ እያንዳንዱን ጭረት ፎቶ አነሣን፤ ማስያዣውም ሳይቀነስ ተመለሰ። በአየር ማረፊያ ታናሹን በአንቀልባ አዘልነው። ለደረጃና ለፍተሻ ሰልፍ ከማንኛውም ጋሪ ይሻላል፣ ሁለቱም እጆች ነፃ ይሆናሉ። በመመለሻችን ቀን ጋሪውን እንግዳ መቀበያው ጋር ትተን ወጣን፤ አከራዩም ከዚያ ወሰደው።