«ፊርማው የእኔ አይደለም» ለሚልም፣ ለተባለበትም

ቢሮዬ ልደታ ነው፤ ከፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ። ደረጃውን ወጥቶ የሚመጣ ባለጉዳይ ብዙውን ጊዜ አንድ ወረቀት ይዘረጋና ከግርጌው ያለውን ፊርማ እያሳየ «ይህ የእኔ አይደለም» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ገንዘቡን ቆጥሮ ያበደረ ነው፤ «ዓይኔ እያየ ፈርሞ ካደኝ» ብሎ ይመጣል። ይህን የምጽፈው ለሁለቱም ነው። የፎረንሲክ ምርመራ እውነተኛውን ፊርማ ከሐሰተኛው ለመለየት የሚያስችል ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን መርማሪው የሚሠራው በቀረበለት ነገር ብቻ ነው፣ የሚያቀርበው ደግሞ ባለጉዳዩ ነው። እውነት ይዘው በአያያዝ ጉድለት የተረቱ ሰዎች አይቻለሁ። አሁንም ያንገበግበኛል።

ፊርማ ይህን ያህል የሚከብደው ሕጋችን ስለሚያከብደው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል። ያ ገንዘብ ዛሬ ከአንድ ቀን የገበያ ወጪ ባያልፍም ሕጉ እንዳለ ነው። በቁጥር 2005 መሠረት ደግሞ የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ስለ ስምምነቱና ስለ ቀኑ ሙሉ እምነት ይጣልበታል። ስለዚህ ፊርማው ከተካደ የክርክሩ ዕጣ በአብዛኛው በምርመራው ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ ክህደቱ ክህደት ይሁን። «አላስታውስም»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «በዚያን ጊዜ ብዙ ወረቀት ፈርሜአለሁ» የሚሉት መልሶች አይጠቅሙም። ቁጥር 2007 ሰነድ የቀረበበት ሰው ጽሕፈቱን ወይም ፊርማውን በግልጽ እንዲክድ ይጠይቃል። ወራሽ ከሆኑ ግን የሟቹን ጽሕፈት ወይም ፊርማ አላውቀውም ማለት ይበቃል። ከዚያም የሚክዱት ምን እንደሆነ ለይተው ይጻፉ። ፊርማው የእርስዎ ሆኖ 50,000 የነበረው አኃዝ ከፊቱ 1 ተጨምሮበት 150,000 ሆኖ ከሆነ «ፊርማዬ አይደለም» ማለት ራስን መጉዳት ነው። መርማሪው ፊርማውን አይቶ የእርስዎ ነው ይላል፤ ስለ አኃዙ ማንም አልጠየቀውምና ስለ አኃዙ አይናገርም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥም ፍርድ ቤቱ ወደ ፌዴራል ፖሊስ የፎረንሲክ ምርመራ በሚልከው ደብዳቤ ላይ ጥያቄው «አኃዙ የተጻፈው ከቀሪው ጽሑፍ ጋር በአንድ ቀለም ነው ወይ» ተብሎ እንዲሰፍር ያመልክቱ። ለዓይን አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ሰማያዊ ቀለሞች በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲታዩ አንዱ ሊጠፋ፣ ሌላው ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። ቀለሙ በየትኛው ዓመት እንደተጻፈ ማወቅ ግን እጅግ ከባድ ነውና ተስፋዎን እዚያ ላይ አይጣሉ።

ቀጥሎ ዋናው ሰነድ ይቅረብ። በኮፒ ላይ የብዕሩ ጫና አይታይም፣ የቀለሙ ዓይነት አይለይም፣ ከሌላ ወረቀት የተወሰደ እውነተኛ ፊርማ ተለጥፎ ኮፒ መደረጉም በቀላሉ አይታወቅም። ዋናው በተከራካሪዎ እጅ ከሆነ በሬጅስትራር በኩል እንዲያስገባ ትእዛዝ ይጠይቁ። በእርስዎ እጅ ከሆነ ደግሞ እባክዎ አይንኩት። ከታች ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት «እንዳይበላሽብኝ» ብለው ውላቸውን በፕላስቲክ የሚያስለብጡ ሰዎች በየጊዜው አያለሁ፤ ሙቀቱና ሙጫው ከወረቀቱ ላይ ሊነበብ የሚችለውን ብዙ ነገር ይደመስሳሉ። አይስፉት፣ አዲስ እጥፋት አይጨምሩበት፣ በደማቅ ቀለም አያስምሩበት። ከላዩ ወረቀት አስደግፈውም አይጻፉ፤ የብዕር ጫና ወደ ታች ያልፋል፣ መርማሪው የሚያነባቸው ስውር ጭረቶች ከእርስዎ ጽሑፍ ጋር ይደበላለቃሉ። ሰፋ ያለ ፖስታ ይግዙ፣ በፖስታው ላይ የሚጻፈውን አስቀድመው ይጻፉ፣ ከዚያ ሰነዱን ያስገቡ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ፤ ማነጻጸሪያ ፊርማ መሰብሰብ። ብዙ ሰው ችሎት ፊት ቀርቦ ደጋግሞ መፈረም የሚበቃ ይመስለዋል። አይበቃም። የተጨነቀ ሰው ፊርማ ይኮማተራል፣ ሊያታልል የፈለገ ሰው ደግሞ ሆን ብሎ ይለውጠዋል። ክርክሩ ሳይነሳ፣ በሌላ ጉዳይ፣ በተለመደ ቀን የተፈረሙ ወረቀቶች የበለጠ ይናገራሉ። የሚሻሉት ክርክር ከተነሳበት ሰነድ ቀን ፊትና ኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ የተፈረሙት ናቸው፤ የሰው እጅ በዕድሜም በሕመምም ይለወጣልና። የት ይገኛሉ? ባንክ ያለው የፊርማ ናሙና፣ በውልና ማስረጃ የተፈረመ ውክልና ወይም ሽያጭ፣ የመሥሪያ ቤት የደመወዝ መክፈያ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የንብረት መረከቢያ። ዕድርና ዕቁብንም አይርሱ። በየወሩ የተፈረመበት የዕቁብ መዝገብ ለመርማሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ብዕር ሳይሆን በብዙ ብዕር፣ ቆሞም ተቀምጦም፣ ሲቸኩልም ሲረጋም እንዴት እንደሚፈርም ያሳያል። ባንክና መሥሪያ ቤት ሰነዱን ለግለሰብ ስለማይሰጡ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ ያመልክቱ። ብዙዎቻችን ሁለት ፊርማ እንዳለንም ያስታውሱ፤ በዕድሩ በአማርኛ ፊደል፣ በባንኩ በላቲን ፊደል የሚፈርም ሰው ጥቂት አይደለም። የአማርኛ ፊርማ ከአማርኛ፣ የላቲን ፊርማ ከላቲን ጋር ካልሆነ ንጽጽር የለም።

የሚያቀርቡት ማነጻጸሪያም ራሱ የማያጠራጥር መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1983 ሽተርን የተባለው የጀርመን መጽሔት የሂትለር ማስታወሻ ደብተሮችን አገኘሁ ሲል የጽሕፈት መርማሪዎች እውነተኛ ናቸው ብለው ነበር። ለማነጻጸሪያ ከተሰጧቸው ወረቀቶች መካከል ግን አስመሳዩ ኮንራድ ኩያው ራሱ የጻፋቸው ነበሩ፤ የአንድ ሰው እጅ ከራሱ ጋር ተመሳሰለ። ሐሰቱ የታወቀው ወረቀቱ ተመርምሮ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ላይ የዋለ ማንጪያ ኬሚካል ሲገኝበት ነው። ተከራካሪዎ ማነጻጸሪያ ሲያቀርብ ከየት እንደመጣና ማን ፊት እንደተፈረመ ይጠይቁ፣ ጥርጣሬ ካለዎት ከመላኩ በፊት ይቃወሙ።

ችሎት ፊት እንዲፈርሙ ሲታዘዙ እንደልማድዎ ይፈርሙ። ጽሑፍ የሚጻፍ ከሆነ ከአከራካሪው ሰነድ ላይ እያዩ መገልበጥ ሳይሆን በቃል እየተነገርዎት መጻፍ ነው ያለብዎት፤ እያዩ ጻፉ ከተባሉ በትሕትና ያሳስቡ።

መርማሪው ምን እንደሚያይ ማወቅ ፍርሃትን ይቀንሳል። ከሩቅ ፍጹም የሚመስል ፊርማ በማጉያ መነጽር ሲታይ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። የእውነተኛ ፊርማ ጭረት መጨረሻው ላይ እየሳሳ ያልቃል፤ ተከትሎ የተሳለው ግን ድፍን ብሎ ይቆማል። ብዕሩ «አሁን ወዴት ልሂድ» ብሎ ባመነታበት ቦታ ቀለም እንደ ነጥብ ተጠራቅሞ ይገኛል። ሁለት ፊርማዎች ተደራርበው ልክ ለልክ ከገጠሙም ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት አይፈርምምና። በፊደላችን የተጻፈ ጽሑፍ ከሆነ ሰው ሳያስበው የሚያደርጋቸው ነገሮች ይወጣሉ፤ የ«ቤ»ን ቀለበት ወዴት እንደሚያዞር፣ የ«መ»ን ሁለት ክብ ብዕሩን ሳያነሳ ይሠራ እንደሆነ፣ «ሥራ»ን በየትኛው «ስ» እንደሚጽፍ፣ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ያደርግ እንደሆነ።

ስለ ጣት አሻራ ለብቻው መናገር አለብኝ። ከአራት ኪሎ ጀርባ የሚኖሩ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናት አሻራቸው ባለበት የብድር ውል ተከሰሱ። ምርመራው አሻራው የእርሳቸው ነው አለ፤ ልጆቻቸው አለቀልን ብለው አለቀሱ። አላለቀም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማም ሆነ አሻራ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ያ ውል የተደረገው በአንድ ሱቅ ውስጥ ነበርና ውድቅ ሆነ። ላቦራቶሪው የመለሰው ጣቱ የማን እንደሆነ ነው፤ ውሉ ያስገድዳል ወይስ አያስገድድም የሚለውን የሚመልሰው ሕጉ ነው። አያትዎ ወይም እናትዎ በአሻራ የሚፈርሙ ከሆነ ወደ ውልና ማስረጃ ይውሰዷቸው እንጂ ማንም ቤት ድረስ መጥቶ አያስነካቸው።

ውጤቱ ሲመጣ የመጨረሻውን መስመር ብቻ አይተው አይሸበሩ፣ አይፈንጥዙም። ስንት ማነጻጸሪያ እንደታየ፣ የየትኛው ዓመት እንደሆኑ፣ ዋናው ሰነድ መታየቱን ያንብቡ። «ለመወሰን አልተቻለም» የሚል ውጤት ለማንም አልፈረደም፤ ተጨማሪ ማነጻጸሪያ ካለዎት እንዲላክ ያመልክቱ። ውጤቱ ካላሳመነዎት ባለሙያው ቀርቦ እንዲያስረዳ ይጠይቁ፤ ይህ ባለሙያውን መናቅ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1894 መኮንኑን አልፍሬድ ድሬይፉስን በአገር ክህደት ስትፈርድበት፣ በወንጀለኛ መለያ ሥራው ስመ ጥር የነበረው አልፎንስ ቤርቲዮን ለማስረጃ በቀረበው ወረቀት ላይ ያለው ጽሕፈት የድሬይፉስ ነው ብሎ መስክሮ ነበር። ጽሕፈቱ የሌላ መኮንን ነበር። ድሬይፉስ ከክሱ ነጻ የተባለው በ1906 ነው። የባለሙያ አስተያየት ከሌላው ማስረጃ ጋር ተመዝኖ የሚታይ ነውና የሚመዘንበትን ጥያቄ አዘጋጅተው ይግቡ።

ፊርማው ሐሰተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ጉዳዩ የገንዘብ ክርክር ብቻ አይደለም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትን በአንቀጽ 375 ይቀጣል። ለፖሊስ ሲያመለክቱ ግን አንድ ነገር ያስቡ። ዋናው ሰነድ አንድ ነው፤ ወደ ወንጀል መዝገቡ ከገባ የፍትሐ ብሔሩ ችሎት በቀጠሮው ቀን ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ሰነዱ የትኛው መዝገብ ላይ እንዳለ በየቀጠሮው ይጠይቁ፣ የመዝገቡን ቁጥር ይጻፉ፣ የምርመራ ውጤቱንም ግልባጭ በደረሰበት ሳምንት አውጥተው ለሁለቱም ችሎት ያያይዙ።