የኮንዶሚኒየም ክርክር ወጪና ኪሳራ ላይ ይግባኝ እንዴት ይባላል?

እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከደረጃው ስር አንዲት ክፍል አለች። የጋራ ናት ወይስ የመሬት ወለሉ ባለቤት የግል ንብረት? በዚህ ተካሰስን፤ ተረታሁ። እሱንስ ቻልኩት። በኋላ የመጣው ወረቀት ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ ባላጋራዬ ያቀረበው የወጪና ኪሳራ ዝርዝር፣ ማለትም ለክርክሩ አወጣሁ ብሎ ተረቺው እኔ እንድከፍለው የጠየቀው ነበር። አንድ አልጋ ብትይዝ ነው ክፍሏ፤ የተጠየቅኩት 47,000 ብር። ይግባኝ ብዬም ወደቅኩ። ጅማ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ለገጠማችሁ መንገዱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የትኛው ውሳኔ እንደጎዳችሁ ለዩ። ዋናው ፍርድ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ «ወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብት ተጠብቋል» የሚል መስመር አለ። እሱ በር መክፈቻ ነው። ብሩ የሚቆረጠው ዝርዝሩ ቀርቦ እናንተም መልስ ከሰጣችሁበት በኋላ፣ በሌላ ትእዛዝ ነው። «በዛብኝ» የምትሉ ከሆነ ይግባኙ በዚህ ትእዛዝ ላይ ነው። «ፍርዱ ራሱ ስህተት ነው» ካላችሁ ግን በዋናው ፍርድ ላይ በጊዜው ይግባኝ በሉ። የወጪውን ትእዛዝ እየጠበቃችሁ የዋናው ቀን እንዳያልፍባችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 462 ወጪን ማን፣ ምን ያህል ይክፈል የሚለውን ለዳኛው ፈቃደ ሥልጣን፣ ማለትም ለራሱ ሚዛን ትቶታል። ስለዚህ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «በዛ» ስላላችሁ ብቻ ቁጥሩን አይነካውም። የትኛው ወጪ ያለ ማስረጃ እንደተፈቀደ፣ የትኛው ከክርክሩ ጋር እንደማይገናኝ ማሳየት አለባችሁ። በዚያ ላይ አንቀጽ 329 አለ። በሥር ፍርድ ቤት፣ ማለትም መጀመሪያ በወሰነው ፍርድ ቤት፣ ያላነሳችሁትን አዲስ ነገር በይግባኝ ማንሳት አይፈቅድም። እኔን የጣለኝ ይሄ ነው።

ዝርዝሩ ሲደርሰኝ የጻፍኩት መልስ አንድ መስመር ነበር፤ «የተጠየቀው ወጪ የተጋነነ ስለሆነ ውድቅ ይደረግልኝ»። ከተፈረደብኝ በኋላ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ከአዲስ አበባ የመጣው ጠበቃ የሦስት ሌሊት የሆቴል ደረሰኝ አስገብቷል። ቀጠሮው የአንድ ጠዋት ነበር። በካርቦን የተጻፈችው ቀን ደብዛዛ ናት፤ መስኮት ላይ ይዤ ሳያት ቀጠሮ ካለፈ ከአሥር ቀን በኋላ የተቆረጠ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። ይህንን ለይግባኝ ይዤ ሄድኩ። «በሥር ፍርድ ቤት አልተነሳም» ተባልኩ።

ስለዚህ ዝርዝሩ እጃችሁ እንደገባ አንድ ወረቀት በሠንጠረዥ ከፋፍሉ። ወጪው፣ ብሩ፣ የደረሰኙ ቀን፣ የቀጠሮው ቀን፣ ተቃውሟችሁ። የቀጠሮ ቀኖችን ከመዝገቡ ውሰዱ፤ በትዝታ አትሂዱ። ለጠበቃ ተከፈለ የተባለውን በጥብቅና ውሉና በክፍያ ደረሰኙ አመሳክሩ፤ ካልተያያዙ ይህንኑ ጻፉ። ፎቶ ኮፒውና ትራንስፖርቱ ለዚህ መዝገብ ነው ወይስ ለሌላ? የምታምኑበትን ወጪ እመኑ። ሁሉንም የሚክድ ሰው ሲናገር ዳኛም ጆሮ አይሰጥም ባይ ነኝ።

ትእዛዙ በተሰጠ ቀን፣ ከግቢው ሳትወጡ ግልባጭ ጠይቁ። የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው። ግልባጩን የጠየቃችሁበትና የተቀበላችሁበት ቀን ወረቀቱ ላይ መስፈሩን አረጋግጡ። «ገና ሁለት ወር አለ» የሚል ሰው ምክር አትስሙ፤ የጅማ ዝናብ፣ ለቅሶ፣ የመብራት መጥፋት ሳይታሰብ ቀኑን ይበሉታል።

የወረዳ ፍርድ ቤት ከሆነ የወሰነው፣ ይግባኙ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታችሁም በዚያው ቋንቋ ይጻፋል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ፍርድ ቤት ደጅ ያሉ ጸሐፊዎች ፈጣን ናቸው፤ ግን አንዳንዶቹ የሌላ ሰው አቤቱታ ላይ ስም ቀይረው ይሰጣሉ። የእናንተ ጉዳይ በሠንጠረዡ ውስጥ ነው፤ ያ ካልገባ ወረቀቱ ባዶ ነው። በአማርኛ ረቂቁን ራሳችሁ ጻፉ፤ ሕግም ቋንቋም የሚያውቅ ሰው ወደ አፋን ኦሮሞ ይተርጉመው፤ ከዚያ ቁጥሮቹን አብራችሁ አንብቡ። ለጠበቃ አቅም የሌለው ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ።

አቤቱታው ላይ የተከራካሪዎቹ ስም፣ የወሰነው ፍርድ ቤት፣ ቀኑ፣ የቅሬታው ነጥቦችና የምትጠይቁት ዳኝነት ይግባ። ዳኝነቱን በቁጥር ጻፉ፤ «ከ47,000 ብር ውስጥ ይህን ያህሉ ይቀነስልኝ» ብላችሁ። የሥር ፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ግልባጭ አያይዙ፤ የዳኝነት ክፍያውን ከፍላችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ።

ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን፣ ማለትም ብሩን በፍርድ ቤት ኃይል ማስከፈሉን፣ አያቆምም። ባላጋራችሁ በማግስቱ አፈጻጸም ሊከፍት ይችላል። በአንቀጽ 332 መሠረት የእግድ ማመልከቻ ከቃለ መሐላ ጋር አብራችሁ አቅርቡ። ዋስትና አስይዙ ልትባሉ ስለምትችሉ ተዘጋጁ።

ቀጥሎ ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ይመረምራል። «አያስቀርብም» ካለ መልስ ሰጪው ሳይጠራ ይዘጋል። «ያስቀርባል» ካለ መጥሪያ ይወጣል፤ ማድረሱን ራሳችሁ ተከታተሉ። እግድ ሳታገኙ ገንዘቡን ከከፈላችሁ ደግሞ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ጠብቁ። ይግባኙ ተሳክቶ ብሩ ሲቀነስ፣ ትርፉ እንዲመለስላችሁ የምትጠይቁት በዚያው ደረሰኝ ነው።